የታጠፈው ጠርዝ

ከሐይቁ ዳር ቤት
ሰኞ

ይድረስ ለወንድሜ፣

አስቀድሜ የባለቤትህን ጤና እጠይቃለሁ፤ ቀጥዬ ያንተን፤ ከዚያም አንተ ራስህ የማትጠይቀውን ምሳህንና እንቅልፍህን። እኛ በፈጣሪ ቸርነት ደኅና ነን።

በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ የላክኸው ቁራጭ ወረቀት ደርሶኛል። ስልክ በማይሰማበት ቦታ ለዕረፍት ቤት የሚከራይ ሰው እንዲህ እንደ ጥንቱ መጻጻፉ አይቀርለትም፤ እኔ ግን አልጠላሁትም። «በሰላም ደረሳችሁ ወይ? አለቀሱ ወይ?» ላልኸው፣ ደርሰናል፤ አላለቀሱም። ጠበቃ መንገዱን ሁሉ ስትሟገት መጣች። ሰባት ዓመት ላልሞላት ልጅ ይህን ስም ያወጣህላት አንተው ዳኛው ነህና ቻለው። «መስኮት በኩል የምቀመጠው ታላቅ ስለሆንኩ ነው» ብላ ወንድሟን ረታችው። ፀሐዩ ዞሮ ፊቷን ሲጠብሳት ደግሞ፣ «ድቡሽዬ፣ ታናሽ ስለሆንክ ልልቀቅልህ» አለችው። ድቡሽም ከልቡ አመሰገናት።

ቤቱ እናንተ እንደነገራችሁኝ ነው። የበሩ እጀታ ሲስቡት እጅ ላይ ይቀራል፤ የልጆቹ ክፍል መስኮት በጨርቅ ካልተወተፈ ያፏጫል፤ ከደጃፉ የእንጨት ደረጃ ሦስተኛው ሳንቃ ሲረግጡት ያቃስታል። እግሬን ሳነሳ ሁለቱም ጮኹብኝ። «እትዬ፣ እሱን አትርገጪው! እማዬ ዘላው ነው የምታልፈው!» እኔም በዚህ ዕድሜዬ መዝለል ጀመርሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ልማድ እንዳልተው እጀ ወርቅ ባለቤትህ አደራ ብላኝ ነበር። ከእናንተ ጋር ለዕረፍት ወጥቼ ስለማላውቅ ያስተማሩኝ ልጆቹ ናቸው። ደረጃው ላይ አስቀመጡኝ፤ መቀስ አስያዙኝ። «እማዬ ልብስ ስትሰፋልን አስረዝማ ነው፤ ትርፉን ወደ ውስጥ ታጥፈዋለች። እዚህ የገባን ቀን አንድ እጥፋት ትፈታና 'አደጋችሁ' ትለናለች» አለችኝ ጠበቃ። ድቡሽም «ካልተፈታ አናድግም» ብሎ አጸደቀው። ከቀሚሷም ከሱሪውም አንድ አንድ እጥፋት ፈታሁና «አደጋችሁ» አልሁ። ተያይተው ሳቁ፤ አባባሌ እንደ እናታቸው አልሆነም መሰለኝ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። የዘንድሮው ቀሚስ ጠርዙ ከባድ ነው። እጥፋት በእጥፋት ላይ ስለተጠቀለለ ልጅቱ ስትሮጥ ጉልበቷን ይመታታል። ለመጪው ዓመት የሚሆን ትርፍ መተው ያለ ነው፤ ይህ ግን ሌላ ነው። ምን አስባ እንደሆነ ጠይቅልኝ።

ያዘዝኸኝንም ተናግሬያለሁ። «እማዬ ሳል ይዟት ነው፤ ዕረፍቱ ሳያልቅ ትመጣለች» አልኋቸው። ወንድሜ፣ እኔ ልጅ ሳስተምር ሽበት ያበቀልሁ ሰው ነኝ፤ እንደ ልጅ ውሸት የሚያሸት የለም። ይህን ብቻ ብዬ ልተወው።

እህትህ



ከሆስፒታሉ
ሐሙስ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ ነው የምጽፈው። እጄን ይዘሽ ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽና ስትታዘቢኝ ይታየኛል።

ስለ ጠርዙ ጠየቅኋት። «ጨርቁ ተርፎ ነው፤ መቁረጥ አሳዘነኝ» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። አንቺም በዚሁ እርኪልኝ።

ትናንት በሹፌሩ እጅ በላክሽው ቁራጭ ወረቀት ሐኪሙ ምን አለ ላልሽው፣ ሐኪሙ ብዙ ነገር አለ። ጥሩ ሰው ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም። ቀሪውን ስንገናኝ እናወራለን።

ልጆቹን ማራቅ የማን ውሳኔ እንደሆነ በቁጣ ጠይቀሻል። የሁለታችን ነው። እዚህ በገባን ሰሞን መስታወት አምጣልኝ አለችኝ፤ አመጣሁላት። ብዙ ቆየች እያየችው። «ልጆቼ የሚያውቁት ሰው ይሄ አይደለም» አለችኝ ኋላ። «ዕረፍታቸውን አታበላሽባቸው። ይዋኙ፣ ይጋጋጡ፣ ይደጉልኝ።» እንዲህ ለምትል ሴት ምን ተብሎ ይመለሳል? እሺ አልሁ። እውነቱን ከፈለግሽ፣ ለእኔም ዕረፍት ሆኖኛል። እነሱ እዚያ ውኃ ዳር እየተንጫጩ እስካሉ ድረስ ከቤታችን ያልፈረሰ አንድ ክፍል አለ እያልሁ እጽናናለሁ።

ጠበቃ «ልምጣ» እያለች ስላስቸገረችሽ ነገር መላ ልስጥሽ። ልመና አይበግራትም፤ ሕግ ጥቀሺላት። በዚህ ክፍል በር ላይ ሕፃናት እንዳይገቡ የሚከለክል ማስታወቂያ ተለጥፏል። «የሚገባው ትልቅ ሰው ብቻ ነው» በያት። ልጄ ሕግ ታከብራለች።

ድቡሽን ውኃ ዳር ብቻውን አትተዪው። እዋኛለሁ ይላል እንጂ የሚያውቀው መንቦጫረቅ ብቻ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ



ከሐይቁ ዳር ቤት
እሑድ

ይድረስ ለወንድሜ፣

ሕጉን ስነግራት ምን እንዳለች ለማወቅ ጓጉተሃል። ምንም አላለች። ዝም አለች። ይህች ልጅ ዝም ስትል መጠርጠር ነበረብኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳሰጣ ቤቱ ፀጥ አለብኝ። ልጅ ያለበት ቤት ፀጥ ሲል ደግሞ ደግ አይደለም። ብገባ ሁለቱም አልጋ ላይ ቆመዋል። ወለሉ በክር ብጥስጣሽ ተሞልቷል። ጠበቃ መቀሱን ይዛለች፤ ቀሚሷ ከእግሯ አልፎ አልጋው ላይ ተነጥፏል። ድቡሽ ሱሪው ውስጥ ሰምጧል።

«ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ?»

«ፈታሁት። ሁሉንም።»

«ለምን?»

«የሚገባው ትልቅ ሰው ብቻ ነው አላልሽም? ይኸው ትልቅ ሆንኩ። ሲፈታ አደጋችሁ የምትለው እማዬ ናት፤ እኔ አይደለሁም።»

«እኔም ትልቅ ነኝ፤ ግን እግሬ የት ሄደ?» አለ ድቡሽ።

ልቆጣ አፌን ከፈትሁ፤ ሳቅ ቀደመኝ፤ ሳቁም መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነና ተቀመጥሁ። ጠበቃ ያን የሚጎተት ቀሚስ ሰብስባ አጠገቤ ቁጭ አለች፤ እንደ ባልቴት እግሯን አጣመረች። «እትዬ፣ ለአባዬ ጻፊለት። 'ይግባኝ ብላለች' በይው» አለችኝ።

ልጆቹ ሊጫወቱ ሲወጡ ቀሚሱን አንስቼ በራሴ ቁመት ለካሁት። ከትከሻዬ ይዤ ለቀቅሁት፤ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። ጎንና ጎኑንም ብገለብጠው በውስጥ የሚለቀቅ ትርፍ አለው። ወንድሜ፣ ጨርቅ ተርፏት አይደለም። እጀ ወርቅ ልጇ እኔን እስክታክል ያለውን ዓመት ሁሉ አጥፋ ሰፍታላታለች። በየዓመቱ አንዱን እጥፋት ሌላ ሰው እንዲፈታላት። እሷ የማትኖርበትን ዘመን በእጇ ለክታዋለች፤ አንተና እኔ ግን ስለ ሳል እናወራለን።

አንተ ችሎት ላይ ስትቀመጥ ብዙ ሰው እጅ ይነሳል። እዚህ ግን ችሎት የለም፤ እናታቸው የናፈቀቻቸው ሁለት ልጆች ናቸው ያሉት። ሐይቁ የትም አይሄድም፤ ከርሞም እዚሁ ነው። ሌላውን ልጽፈው አልደፈርሁም።

ይግባኙን ተቀበል።

እህትህ



ከሆስፒታሉ
ማክሰኞ

እትዬ፣

ሰላምታዬን ስላሳጠርሁ አትቀየሚኝ፤ ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው።

ደብዳቤሽን አነበብሁላት። «እግሬ የት ሄደ» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቀች። ሳቋ ከተሰማ ስለቆየ ነርሷ ሕመም መስሏት እየሮጠች መጣች። ከዚያ፣ «ሁሉንም ነው የፈታችው?» አለችኝ።

«ሁሉንም።»

«እንግዲያ መልሼ ማጠፍ አለብኝ። አምጣቸው።»

ሐኪሙን በተመለከተ ደጋግመሽ የጠየቅሽኝን፣ እኔም ደጋግሜ ያለፍሁትን አሁን እመልሳለሁ። የነገረኝ ስለ ወራት አይደለም፤ ስለ ሳምንታትም አይደለም።

ውሳኔዬን ሽሬዋለሁ። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ኑ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ለራሴ ጉዳይ የማንንም ደጅ ጠንቼ አላውቅም፤ ዛሬ ግን የሆስፒታሉን ኃላፊ በር አንኳኳሁ። ሴትዮዋ በትሕትና አዳመጡኝ። ደንቡ የወጣው ለሕሙማኑ ሲባል ነው አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ በሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እንዲሁ እፈርድ ነበር። መልሴን ሳልሰጣቸው ወጣሁ። ብቻ ኑ። ቀሚሱን እንዳለ አልብሻት።

ወንድምሽ



ከሐይቁ ዳር ቤት
ቅዳሜ

ይድረስ ለወንድሜ፣

በሰላም ተመልሰናል። እሷ «ዕረፍታቸው አላለቀም፣ ይመለሱ» ብላ ባታዝ ኖሮ ከዚያ ግቢ ባልተነቃነቅሁ ነበር። ደንበኛ ልኬቱን ሲከራከራት የምታወጣውን ድምፅ አወጣችብኝ፤ ምን ላድርግ፣ ታዘዝሁ።

አንተ ፎቁ ላይ ስለነበርህ በሩ ላይ የሆነውን አላየህም። ዘበኛው ጠበቃን ከላይ እስከ ታች ተመለከታት። «እመቤት፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አላት። ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ «ትልቅ ነኝ፤ አይታይም?» አለችው። ቀሚሱን አየ፤ ከጠርዙ የተንጠለጠለውን ክር አየ፤ እኔን አየ። «ይታያል እንጂ። ይለፉ እመቤቴ» አለና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ድቡሽ ከኋላዋ ሊሾልክ ሲል በገዛ ሱሪው ተጠልፎ ተዘረረና ጩኸቱን አቀለጠው፤ ጉዳያችን በዚያው ተበላሸ። «ወይዘሮ፣ ይሄኛውንስ ዓይኔን ጨፍኜም አይሆንልኝ» አለኝ ሰውዬው፤ እሱም አዝኖ።

እኔና ድቡሽ ከሣሩ ላይ ሆነን በመስኮቱ አየናት። አንተና ነርሷ ደግፋችሁ ስታቆሟት፣ እጇን ስታወዛውዝ። ድቡሽ አንጋጦ አያት።

«ለምን ትንሽ ሆነች?» አለኝ።

«ሩቅ ስለሆነች ነው።»

«ስንጠጋት ታድጋለች?»

እጁን ይዤ ሁለት እርምጃ ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት።

ከክፍሉ ካስወጣችህ በኋላ ለጠበቃ ምን እንዳለቻት ለማወቅ መፈለግህ አይፈረድብህም። ልጅቱ በአንድ ጊዜ አልነገረችኝም፤ አንዱን ነገር ጥርሷን ስትቦርሽ፣ ሌላውን ጠጠር ስትለቅም ነው። «'ይሄን ሁሉ በአንድ ቀን ፈታሽው? ምን ያስቸኩልሻል አንቺ?' አለችኝ። 'እንድገባ ነዋ' አልኳት። 'ገባሽ አይደል? በይ አውልቂው፤ መልሼ ላሳንስሽ' አለችኝ።» ከዚያ አልጋው ላይ አስወጥታ አቀፈቻት። ስለ ፊቷ ጠየቅኋት፤ አልፈራሽም ወይ አልኋት። «ፊቷ ተለውጧል። እጇ ግን የእማዬ ነው» አለችኝ። እኛ ትልልቆቹ ስለ መስታወት ስንጨነቅ ልጅቱ የምታየውን መርጣ አየች።

ጠበቃ በእኔ ሹራብ፣ ድቡሽም ሱሪውን ለእናቱ ልኮ በነጠላዬ ተጠቅልለው እንደ ተመለሱ ታውቃለህ። አሁን አውቶቡሱ በሚመጣበት ሰዓት ሁለቱም መንገድ ላይ ይቆማሉ። «ቀሚሴን ጨርሳ ትልክልኛለች» ትላለች ጠበቃ። እኔ ቀሚሱ ባይመጣ ደስ ይለኛል፤ አልተጨረሰም ማለት ነውና። እንዴት ናት? ሳትሸፋፍን ጻፍልኝ።

እህትህ



ከቤት
ረቡዕ

ለእናቴ ምትክ፣ ለእትዬ፣

ይህን ወረቀት ስትቀበዪ ልጆቹ አጠገብሽ ካሉ፣ አጥፈሽ ኪስሽ ክተቺው፤ ኋላ ለብቻሽ አንብቢው።

የድቡሽን ሱሪ ቀድማ ጨረሰች። «እሱ እኔ ዘንድ አልገባም፤ ቢያንስ ሱሪው ይቅደም» አለች። ከዚያ ወደ ቀሚሱ ገባች። ከትራስ ደግፌ አስቀምጣታለሁ፤ ክሩን እኔ አስገባላታለሁ፤ የመርፌ ቀዳዳ ስፈልግ ስታይ ትስቅብኛለች። «ዳኛ ሆይ፣ ወደ ብርሃኑ ዞር በል» ትላለች። እየጠቀለለች፣ እየሰፋች፣ በመሃል እያንቀላፋች የመጨረሻው እጥፋት ላይ ደረሰች። እሱን ግማሽ ድረስ ሄደችበት። ዛሬ ጠዋት መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችና፣ «ትንሽ ልረፍ፤ ከዚያ እቀጥላለሁ» አለችኝ።

አልቀጠለችም፣ እትዬ።

ከዚህ በላይ እንድጽፍ አታስገድጂኝ። ነገ ከሰዓት እደርሳለሁ፤ ለቀብሩ አብረን እንመለሳለን። ከእኔ አፍ ይስሙት። እስከዚያ ጥቁር አትልበሺ። አታልቅሺ ብዬ ማዘዝ አልችልም፤ ወደ ውኃው ወርደሽ ፊትሽን ታጠቢ። ዛሬና ነገ ጠዋት እንደ ወትሮው ይጫወቱ። ያቺን አንዲት ቀን የሰጠቻቸው እሷ ናት፤ እኔ አልነጥቃቸውም።

በስንት ሰው ፊት ፍርድ አንብቤያለሁ። ይህ እንዴት እንደሚነበብ ግን አላውቅም። አንቺ ከጎኔ ቁሚልኝ።

ቀሚሱን ይዤ እመጣለሁ። መርፌው እንደተሰካ ነው።

ወንድምሽ



ከሐይቁ ዳር ቤት
በዓመቱ፣ ማክሰኞ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ዋለ? ይህ አውቶቡስ ለጉልበት ምሕረት የለውም፤ መቅረትሽ ደግ ነው፤ ቦታሽ ግን ባዶ ሆኖ ታየ። ለምን ወደዚያው ቤት ተመለሳችሁ ብለሽ ጠይቀሽ ነበር። ልጆቹ ሌላ ቤት እሺ አላሉም። እጀታው አሁንም እጅ ላይ ይቀራል።

ልማዱን ምን አደረጋችሁት ለሚለው ትልቁ ጥያቄሽ መልሱ ረዘም ስለሚል ታገሺኝ።

ጠበቃ ያን ቀሚስ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጎኑ እንደ ተንጠለጠለ መልበሷን ታውቂያለሽ። ያልተሰፋውን ግማሽ «ልጨርስልሽ» ስትያት እንዴት እንደ ተቆጣችሽ አልረሳሁም። ሰው ቀሚስሽ ተንጋዷል ሲላት «ገና አላለቀም» ብላ ታልፋለች። እኔም መርፌውን ከመንቀልና ክሩን ከመቋጠር በቀር አልነካሁትም።

ትናንት ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ደረጃው ላይ ተቀመጥን። መቀሱን አነሳሁ። ጠርዙን ገልብጬ ሳይ ነው እስከዚያች ሰዓት ያላሰብሁት ነገር የታየኝ። እጥፋቶቹ አንዱ በሌላው ላይ የተጠቀለሉ ናቸው፤ መጀመሪያ የሚፈታው መጨረሻ የተሰፋው ነው። ያ ግማሹ። መርፌዋን ሰክታ «ትንሽ ልረፍ» ያለችበት።

ጠበቃም አየችው። ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨበጠች።

«ይሄን አትፍታው አባዬ።»

«አልፈታውም።»

«ሌላውን ፍታ።»

«ሌላው ከሱ በታች ነው ልጄ፤ አይደረስበትም። ከፈለግሽ እንተወው፤ እንዳለ ይኑር።» ይህን ስል ከልቤ ነበር። መቀሱንም ደረጃው ላይ አስቀመጥሁ።

ድቡሽ ሱሪውን ቀድሞ አስፈትቶ ፍርዱን እየጠበቀ ነበር። «እማዬ ሩቅ ናት አይደል?» አለ።

«አዎ።»

«በጣም?»

«በጣም።»

«እንግዲያ እኛም ለሷ ትንሽ ሆነን ነው የምንታያት። ፍታላት አባዬ፤ ትልቅ ትሁን። ካለዚያ እማዬ አታያትም።»

እትዬ፣ ከዚህ የጠነከረ ክርክር በችሎቴ ሰምቼ አላውቅም። ጠበቃ ወደ ወንድሟ ዞረች። ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከጨርቁ ላይ አላቀቀች። «እማዬ የሰፋችው እንዲፈታ ነው» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም። «ቀስ ብለህ ግን።»

ቀስ ብዬ ፈታሁት። ስፌቱ መጀመሪያው ላይ እንደ ድሮዋ ጥብቅና እኩል ነው፤ ወደ መሃል ሲደርስ ይራራቃል፣ ይዘላል፤ መጨረሻው ላይ እዚህም እዚያም ነው። እያንዳንዷን ለየብቻ በጥስሁ። ሲያልቅ፣ ዓመት ሙሉ የተንጋደደው ቀሚስ በሁሉም ጎን እኩል ወርዶ ቀጥ አለ። ልኳ ሆነ። አንዲት ጣት ታህል እንኳ አልተሳሳተችም።

«አደጋችሁ» አልሁ። አልሳቁም። እንደ እናታቸው ሳልለው አልቀረሁም።

ክሩን ጠበቃ ሰብስባ ለሁለት ከፈለችው። አንዱን እሷ ወሰደች፤ ሌላውን ለእትዬ ላክላት ብላኛለች፤ እዚህ ፖስታ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ከዚያ «ቀድሜህ ውኃው ዘንድ እደርሳለሁ!» ተባብለው ሦስተኛውን ሳንቃ እየዘለሉ ወረዱ።

እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ልጆቹ ከራቁ በኋላ ያን ሳንቃ ረገጥሁት። እኔ ያቃተኝን እሱ ትንሽ ያቃስትልኝ ብዬ።

ታናሽ ወንድምሽ